ስምንት ቁጥር ዘጠኝ ቁጥርን ስትፈነክት

ለአሶሳና ለአካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ፦ ዛሬ ረፋድ ላይ የልጅ ልጄ ዘሀራ እጮኛዋን በሽመል መፈንከቷን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ነገሩ የመጣው ከስልክ ነው። ኢኒያግራም የሚሉት፣ የሰውን ጠባይ ዘጠኝ ቦታ የሚከፍል መጠይቅ አለ አሉ። እሷ ስምንት ቁጥር፣ ተጋፋጭ ሆና ወጣች። እጮኛዋ፣ የኩርሙኩ ልጅ ኢድሪስ ደግሞ ዘጠኝ ቁጥር፣ ሰላም ፈላጊ።

«አባባ፣ ቀለበቱን ልመልስለት ነው» አለችኝ። «ጸብ የሚፈራ ሰው ምን ያደርግልኛል?»

«አንቺን ላግባ ያለ ሰው ምን ይፈራል?» ስላት ገላመጠችኝ። ኢድሪስ አጠገባችን ተቀምጦ ሁሉንም እየሰማ ማንጎ ይልጥላታል። ዘጠኝ ቁጥር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

በዚህ መሀል አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ ሲመለስ ዘሀራ ልትሸጥ ደጃፍ የደረደረችውን ማንጎ ጨፈላለቀው። ሾፌሩ ወርዶ እሷኑ ሰደባት፤ ገፈተራትም። ከአጥሩ ሽመል ነቀለች።

የመጀመሪያው ምት የባጃጁን መስታወት አረገፈው። ሁለተኛው የሾፌሩን አናት ሊከፍል ሲወርድ ኢድሪስ ዘሎ መሀል ገባ።

ግንባሩ ተተረተረ። ደሙ አገጩ ድረስ እየወረደ ሳቀና፣ «ይበቃል ዘሀራ፤ ብትገድዪው ትታሰሪብኛለሽ» አላት።

ሽመሉን ጣለች። ሻሿን ፈታ ግንባሩን አሰረችለት። ቀለበቱ እስካሁን ጣቷ ላይ ነው።

እናንተስ ቤት ስምንቱ ማን ነው? የሚፈነከተውስ? ሳትፈሩ ጻፉልኝ።

አንዷን ነገር ግን እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ኢድሪስ አልሳቀም፤ እያለቀሰ ነው የተናገረው። ሽመሉ ከእጇ የወደቀውም እንባውን ስታይ ነው።