ክፍት ያደረ ቀለበት

ልጅ ሳለሁ ቀኑ የሚያልቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ሳይሆን አክስቴ ዘሃራ «ቀለበትሽን ዝጊ» ስትለኝ ነበር። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ፣ ውሃውን ቁልቁል በምታይ ጉብታ ላይ ነበረች። እናቴ እኔን በወለደች ዓመት ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት ዘሃራ ናት። ኪሮሽ ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ ያውም በአፏ ብቻ። ቁርጥማት ጣቶቿን አጣሞባት መርፌ መያዝ ካቆመች ሁለት ክረምት አልፎ ነበርና፣ እኔ ከጉልበቷ ሥር ቁጭ ብዬ ስሠራ እሷ በዓይኗ እየተከተለች «ላላ፤ ሳቢው። አሁን ደግሞ አነቅሽው፤ ክር እኮ ዶሮ አይደለም» ትለኛለች።

ያኔ ደስታዬ ኪሮሽ ነበር። ነጩ ክር በሌባ ጣቴ ላይ እየተንሸራተተ፣ ከምንም ተነስቶ አንዲት ትንሽ ክብ፣ በዙሪያዋ ሌላ ዙር፣ ከዚያም ሌላ እየተጨመረ የሰው ራስ የሚያህል የሶላት ኮፍያ ሲሆን ማየት ከጨዋታ ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ፋኖስ እናበራለን፤ ምድጃው ውስጥ ፍሙ አመድ ለብሶ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ከመስኮቱ ውጭ ሐይቁ ከሰማዩ ቀድሞ ይጠቁራል። አክስቴ ተረቷን የምትጀምረው ያኔ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው የባለታንኳውን ሚስት ተረት ነው። ሴትዮዋ ለባሏ ኮፍያ እየሠራች ሳለ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ደረሰ፤ ከውሃው ዳር የሚጠራት ድምፅ ሰማችና መርፌውን እንደተሰካ፣ የክሩን ቀለበት እንደተከፈተ ትታው ወጣች። ዳር ላይ ማንም የለም። ጠዋት ስትነሳ ኮፍያው ሁለት ዙር ጨምሯል። ሰነፍ ቢጤ ነበረችና ደስ አላት፤ በማግስቱም ሆን ብላ ክፍት አሳደረችው። እንዲህ እያለ ኮፍያው አለቀ። ባሏ ሲያደርገው ልክ ሆነለት፤ ትንሽ ከመርጠቡ በቀር እንከን አልነበረውም። በዚያው ዕለት ታንኳውን ይዞ ወጣ። በማግስቱ ታንኳው ብቻውን ተመለሰ። ኮፍያው መቀመጫው ላይ ተቀምጧል፤ ደርቋል።

«ሰውየውስ?» እላለሁ፣ መልሱን እያወቅሁት።

«ሁለት እጅ የሠራው ኮፍያ ሁለት ባለቤት አለው» ትላለች አክስቴ ፍሙን እየቆሰቆሰች። «አንደኛዋ ድርሻዋን ወሰደች።»

ለዚህ ነው እኛ ቤት የመግሪብ አዛን ሲሰማ መርፌው ወጥቶ ቀለበቱ በቋጠሮ የሚዘጋው። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ መረቡን እየጠገነ ይሰማና ይስቃል።

«ዘሃራ፣ ልጅቷን አታስፈራሪያት። ኮፍያ ሰው አይበላም።»

«አንተንማ ምን ሥጋ አለህና ይበላሃል» ትለዋለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ለአባቴ የኢድ ኮፍያ ጀመርሁ። እየሠራሁ እያፈረስሁ ጊዜው አለቀብኝና ኢድ ሦስት ቀን ሲቀረው ገና ግማሹ ላይ ነበርሁ። በዚያ ምሽት የዘጋሁ መስዬ ቀለበቱን ክፍት ትቼ ኮፍያውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁት። ተረቱን አምኜው ነበር፤ ግን የፈለግሁት መጀመሪያውን፣ ዙሩ መጨመሩን ብቻ ነው።

ጠዋት ቆጠርሁት። ሁለት ዙር ጨምሯል። የእኔ ዙሮች እንደ ሕፃን ጥርስ የተራራቁ ነበሩ፤ እነዚያ ሁለቱ ግን ጠበቅ ያሉ፣ እኩል፣ ስነካቸውም ቀዝቃዛ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ መርፌ መያዝ የማይችሉ ጣቶች ያሏት አክስቴና ከመረብ በቀር ምንም የማያውቀው አባቴ ብቻ ነበሩ። ለማንም ሳልናገር ከላያቸው ቀጠልሁና ጨረስሁት።

የኢድ ዕለት አባቴ አድርጎት ወደ ሶላት ሄደ። ሲመለስ «ልክ ሆነልኝ» አለ፤ የባለታንኳውም ልክ ሆኖለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ መቅዘፊያውን ይዞ ሲወርድ እያለቀስሁ ተከተልሁት።

«አባዬ፣ ኮፍያውን ስጠኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«አንድ ቀለበት ስቻለሁ፤ ላስተካክለው።»

«ስመለስ።»

«አይሆንም፣ አሁን።»

«ባዶ ራሴን ሄጄ ልጁ የሠራችለትን ነጠቀችው ልባል ነው» አለና እየሳቀ አውልቆ ሰጠኝ። ታንኳው ሲርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መተርተር ጀመርሁ። የእኔ ዙሮች ደረቅ ሆነው ተፈቱ። እነዚያ ሁለቱ ላይ ስደርስ ክሩ ጣቶቼን አረጠበው። ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መጀመሪያዋ ክብ ድረስ ፈታሁት።

አባቴ ከመግሪብ በፊት በሰላም ተመለሰ። መሐል ላይ ነፋስ ተነስቶ ነበር አለ። «ኮፍያውን አድርጌ ቢሆን ይወስደው ነበር» ብሎ ሳቀ። ብዙ ዘመን ኖሮ ያረፈውም አርጅቶ፣ በአልጋው ላይ ነው።

ያን ምሽት አክስቴን «አንቺ ነሽ የጨመርሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ጠማማ ጣቶቿን ወደ ፋኖሱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እኔ ነኝ ብልሽ ተረቱ ይሞታል። አይደለሁም ብልሽ እንቅልፍሽ ይሞታል። አትጠይቂኝ።»

ባለቤቴ እንድሪስ ያለፈው ክረምት ሲወጣ ሞተ። አሁን ኢዳ ላይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በምትቀመጠው ሐዘን ላይ ነኝ፤ አራት ወር ከአሥር ቀኑ እስኪሞላ ከቤት አልወጣም። መቀመጫዬም ያው የልጅነቴ መስኮት ነው። ሲታመም ኮፍያ ጀምሬለት ነበር፤ አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ሳለሁ ነፍሱ ልትወጣ ነው ብለው ጠሩኝ። ዕድሜ ልኬን ቀለበት ስዘጋ የኖርሁ ሴት ያን ቀን መርፌውን እንደተሰካ ትቼው ሮጥሁ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

ከአረብ አገር የተመለሰችው ልጄ ሉባባ አላስችል እያላት «እማዬ፣ ወይ ጨርሺው ወይ ፍቺው» ትለኛለች። በልጅነቷ ኪሮሽ አስተምሬያት ነበር፤ አልወደደችውም። እኔ ግን በየማለዳው እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ። ልጅ ሳለሁ ያቺን እጅ ፈርቼ ክር የፈታሁት ሴት፣ አሁን እጠብቃት ጀመርሁ። ድርሻዋን፣ እንድሪስን፣ ወስዳለች፤ ሥራዋን ግን አልሠራችም እላለሁ። ከወዲያ ማዶ የሚደርስ እጅ ካለ፣ እንድሪስ ባለበት በኩል የሚመጣ መሰለኝ።

ትናንት ማለዳ ቆጠርሁት። አሥራ ሁለት ሆኗል። አዲሱ ዙር ጠበቅ ያለ ነው፤ የእኔ እጅ አይደለም።

ሉባባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥብ ነበር።

«ሉባባ» አልኋት።

«አቤት እማዬ» ብላ ዞረች። እጆቿን አየሁ፤ እስከ ክርኗ ርሰዋል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ምንም።»

ከአክስቴ ተረቶች ብዙዎቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል፤ የቀረኝ ያ መልሷ ነው። ያኔ የገባኝ ግማሹ ነበር። የፈራችልኝ ለእንቅልፌ መስሎኝ ነበር እንጂ፣ ለተረቱ ያን ያህል ለምን እንደሳሳች አላወቅሁም፤ አሁን ሉባባን ያልጠየቅኋት ለዚያው ነው።

ማታ የመግሪብ አዛን ሲሰማ መርፌውን እንደተሰካ፣ ቀለበቱን እንደተከፈተ ትቼው ለሶላት ተነሳሁ።