የፈገፈግኩት ጥቁር ጫፍ

ሥራ የገባሁ ቀን ኣያ ሓጎስ ፓምፕ ቤት ይዞኝ ገባ። እሱ ዋና ኦፕሬተር፣ እኔ ከወሎ የመጣሁ ረዳት። ፓምፑ ለሰፈሩ ውሃ የሚስብበት ጉድጓድ ቁሓ ከተማ ዳር ነው። የሞተሩን ማስነሻ ሳጥን ከፍቶ የጠቆረ መዳብ አሳየኝ።

«ሰዒድ፣ ጥቁር ካለ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ሞተሩ ይቃጠላል፤ አንተም ወደ ወሎህ።»

የብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። መዳቡን እስኪያበራ ፈገፈግኩት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ያህል በየሳምንቱ ፈግፍጌያለሁ፤ አንድም ሞተር አልተቃጠለብኝም።

ኣያ ሓጎስ ጡረታ ወጥቶ በቦታው ስተካ፣ ከጉድጓዱ በላይ ባለው ዳገት ቤቶች ተሠርተው ነበር። የየቤቱ ሽንት ቤትም አብሮ ተቆፍሯል። ያኔ ለተብርሃን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጣች። የጣት ርዝመት ያለው ዘንግና ስልክ የሚያክል ሳጥን ይዛለች። ዘንጉ ውሃ ውስጥ ሲነከር፣ ከሽንት ቤት የሚሰርገውን ናይትሬት የሚባል የማይታይ ጨው በኤሌክትሪክ ይለካል። ጫፉ ጥቁር ነው። ዓይን የማይለየው ደቃቅ ዱቄት የተቀባ ነው አለች፤ ራሷ ናት የቀባችው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህን ውሃ አንቺ ሕፃን ሳለሽ ጀምሮ እጠጣዋለሁ። ጣፋጭ ነው» አልኳት።

«ኣቦይ ሰዒድ፣ ምላስዎ ናይትሬት ቢለይማ ዩኒቨርሲቲው እኔን ትቶ ምላስዎን ይቀጥር ነበር።»

ሥራዬ ቀላል ነው። ጠዋት ዘንጉን በተጣራ የባትሪ ውሃ ማለቅለቅ፣ መንከር፣ ሳጥኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ። «ጫፉን ብቻ አይንኩት፤ የሚለካው ቅቡ ነው» አለች። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጉድጓዱ ማጣሪያ እስኪገጠምለት እንዲዘጋ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ትጽፋለች። በዚህ ውሃ የጡጦ ወተት ለሚበጠበጥላቸው ሕፃናት አደገኛ ነው አለችኝ።

ቁጥሩ በየሳምንቱ ጨመረ። ውሃው ግን ያው ነው፣ ጥርት ያለ። ውሃዬን አልጠረጠርኩም፤ ዘንጉን ጠረጠርኩ። ጥቁር ነዋ። አንድ ጠዋት የብርጭቆ ወረቀቴን አወጣሁና ጫፉን እስኪያበራ ፈገፈግኩት። ቁጥሩ ወረደ። ለፓምፕ ቤቱ ዘበኛ «አየህ፣ የውሃዬን ስም እያጠፋ ነበር» አልኩት።

ለተብርሃን ስትመጣ ዘንጉን አገላብጣ አየችው።

«ኣቦይ ሰዒድ፣ ጫፉን ነክተውታል?»

«አልነካሁም።»

«ምናልባት በጨርቅ ጠርገውት ይሆን? አልቆጣም።»

«አልነካሁም አልኩሽ እኮ። እንደሰጠሽኝ ነው።»

የሽማግሌ ቃል ነውና አመነችኝ። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች።

«እንግዲያው ቅቡ ውሃ ውስጥ በራሱ እየተላጠ ነው» አለች። «ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ቁጥሩ በሙሉ አይታመንም።»

ገጾቹን በእስክሪብቶ ሰረዘቻቸው፤ እየጨመረ የሄደውን ትክክለኛውን ቁጥር ጭምር። ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር። በዚህ ቀን ፈግፍጌዋለሁ ብላት ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ ይተርፍ ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ።

ቅቡን እንደ አዲስ ልትሠራ ሄደች። እኔም በማግስቱ ፓምፑን አስነሳሁ።

እሷ ሳትመለስ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ናሙና ላቦራቶሪ ላከና ናይትሬቱ መብዛቱ ታወቀ። ጉድጓዱ ተዘጋ። ያን ጊዜ ለተብርሃንን ፍለጋ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድኩ። ለትምህርት ውጭ አገር ወጥታለች አሉኝ። አድራሻዋን አልጠየቅኩም።

ፓምፕ ላይ ለምትሠሩ የምለው ይኼው ነው። ዕቃ ካበላሻችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ። እኔ አልተናገርኩም፤ ሰፈሩ ሁለት ክረምት ያንን ውሃ ጠጣ።