የጋሽ ይማም ልጓም

ባለፈው ወር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ቁልቁለቱ የሚጀምርበትን ሐረጎን አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን ሚኒባሱ ውስጥ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተ። ያንን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎማም አይደል፣ ጨርቅም አይደል፣ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ነገር ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ መስኮቱን ከፈተች። እኔ ግን ብድግ ብዬ "ወራጅ አለ!" ስል ራሴን ሰማሁት። መሀል ቁልቁለት ላይ፣ ቤት በሌለበት፣ ምን ልሠራ እንደምወርድ ለረዳቱም አልገባው፣ እኔም ላስረዳው አልቻልኩ። ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም በዚህ መንገድ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ወይ ጋሽ ይማም!

ጋሽ ይማም ደሴ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ፤ እናቴ ታይፒስት በሆነችበት መሥሪያ ቤት ሾፌር። ረጅምና ከሲታ ናቸው፤ በእግር ሲሄዱ እንኳ ቀኝ እጃቸው ማርሽ የሚፈልግ ይመስል አያርፍም። የሚነዷት ነጭ መኪና በድርቁ ጊዜ እርዳታ ይዘው የመጡ ፈረንጆች ትተዋት የሄዱት ናት። አውቶማቲክ ነበረች። ያኔ ደሴ ውስጥ አውቶማቲክ መኪና እንደ ጉድ ነበር የሚታየው። የፍሪሲዮን ፔዳል ስለሌላት የመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች "አንካሳዋ" ብለው ስም አወጡላት፤ አንዳቸውም ሊነዷት አልፈለጉም። ጋሽ ይማም ብቻ "እኔ አለሁላት" አሉ።

ችግሩ ፊደሎቹ ነበሩ። ከመሪው ሥር በወጣው የማርሽ ዘንግ አጠገብ አምስት የፈረንጅ ፊደላት ተደርድረዋል። ጋሽ ይማም ቁርኣን ይቀራሉ፣ አማርኛውንም በመሠረተ ትምህርት ለይተዋል፤ እንግሊዝኛው ግን አልደረሳቸውም። የእያንዳንዱን ሥራ በሙከራ ደርሰውበታል፣ ስሙ ነው የጠፋቸው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አዋቂ ነኝ ባይ። አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ደጃችን አቁመው ጠሩኝ።

"ነይ እስቲ ምሁሯ፣ እኒህን ቅሪልኝ።"

ድምፃቸውን ነገርኳቸው። ትርጉማቸውን ከየት አባቴ ላምጣው? አላውቅም ማለት ደግሞ ሞቴ ነው። ስለዚህ ፈጠርኩ። "ፒ" ለማቆሚያ ከሆነ "ፐ! ደረስን" ማለት ነው አልኩ። "አር" ወደ ኋላ መሄጃ ነው፣ እንግዲህ "ርጋ"። "ኤን" ነፃ። "ዲ" ወደ ፊት መሄጃ ነው ሲሉኝ "ዳገት!" አልኩ ሳላመነታ።

"ሜዳስ ሲሆን?"

"ሜዳም ትንሽ ትንሽ ዳገት አለው።"

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "ኤል" ላይ ስደርስ ቃል አጣሁ፤ እሳቸው ናቸው ያገኙት። "ልጓም ነው! ወላሂ ልጓም ነው። ቁልቁለት ላይ እዚህ ሳደርጋት ሞተሩ እየጮኸ ይይዛታል፤ ፍሬን ብዙም ሳልነካ ትታዘዘኛለች። ዳገትሽ ላይ ከተውኳት ግን ዝም ብላ ነው የምትንደረደር።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ማርሽ በቀየሩ ቁጥር እኔ ባወጣሁላቸው ስም ይጠሯቸው ነበር። እኔም በሰፈሩ ላይ ኮራሁ።

ያኔ ቤንዚን በኩፖን ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ ሐረጎ ላይ ሞተሩን ያጠፋና ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይለቀዋል። "የአላህ ቤንዚን" ይሉታል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ኮምቦልቻ ደርሶ "ዛሬ እንኳ በአላህ ቤንዚን መጣሁ" ማለት ጉብዝና ነበር። ጋሽ ይማም እምቢ አሉ። የአንካሳዋ ሞተር ከጠፋ ፍሬኑም መሪውም እንደሚደነድን አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሞክረው አይተዋል። ሾፌሮቹ ሲያሾፉባቸው "አላህ ቤንዚኑን ሰጠ እንጂ ፍሬኑን ለኛ ነው የተወው" ይሏቸው ነበር።

መኪናዋ ደግሞ በተፈጥሮዋ ቤንዚን ትወዳለች። ሌሎቹ እየቆጠቡ እሷ ስትጠጣ "ይማም ቤንዚኑን የት ያደርሰዋል?" ይባል ጀመር። ቀጥሎ "የኢኮኖሚ አሻጥር" የሚለው ቃል መጣ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከስምህ አጠገብ ከተጻፈ እቤትህ ለማደርህ ዋስትና አልነበረህም። ለጋሽ ይማም የተጻፈውን ደብዳቤ በታይፕ የመታችው እናቴ ናት። እቤት መጥታ እንጀራ ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው፤ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ የታጠፈ ልብስ ፈትታ እንደገና አጠፈች። "ማስጠንቀቂያ ነው" አለችኝ። "ከአሁን በኋላ አንድ ትእዛዝ እምቢ ካሉ ግን ይታሰራሉ።" በግድግዳው ወዲያ ጋሽ ይማም ሲስሉ ይሰማን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ ስብሰባ ነበርና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እናቴን የጽሕፈት መኪናዋን ይዛ እንድትመጣ አዘዘ። እኔ አክስቴ ዘንድ ልውል አብሬ ሄድኩ። ኃላፊው ካኪውን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ፤ እኛ ከኋላ፣ የጽሕፈት መኪናው እናቴ ጭን ላይ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጋሽ ይማም ዘንጉን ወደ ልጓም ጎተቱት፤ ሞተሩ ጮኸ።

"ምንድን ነው ይሄ የሚያስጮኸው?" አለ ኃላፊው። "ቤንዚን ነው አይደል የሚጮኸው?"

"ጓድ፣ እየያዛት ነው።"

ኃላፊው ፊደሎቹን አጎንብሶ አየና ወደ ኋላ ዞረ። "አንቺ ተማሪ ነሽ አይደል? ምን ይላሉ እኒህ?"

እኔ ሞኟ! ለመመስገን ቸኩዬ በአንድ ትንፋሽ ወረድኩት፤ ፐ፣ ርጋ፣ ነፃ፣ ዳገት፣ ልጓም። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ አልገባኝም።

ኃላፊው ጭኑን መትቶ ሳቀ። "ይኸዋ! ሕፃን ያወቀውን! ዳገቱን ወጥተን ጨርሰናል፤ ልጓም ደግሞ ለሚሮጥ ፈረስ ነው። ነፃ አድርገውና ሞተሩን አጥፋው።"

"ጓድ፣ የዚች ፍሬን ያለ ሞተር . . ."

"አጥፋው አልኩህ! እምቢ ካልክ እምቢ አልኩ በል፤ ይቺው ትጽፈዋለች።"

እናቴ የጽሕፈት መኪናውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ጋሽ ይማም መኪናዋን በልጓሟ እያዘገሙ ዳር አስይዘው አቆሙና ወርደው የኋላውን በር ከፈቱ።

"እታለም፣ ልጂቱን ይዘሽ ውረጅ።"

"ጋሽ ይማም . . ."

"አብሽሪ። በእግራችሁ ኑ፤ እታች እንገናኛለን። እናንተን ይዤ አላደርገውም።"

ኃላፊው አብሮን ይወርዳል ብዬ ነበር። አልወረደም፤ ኩራቱ ነው የያዘው። ሞተሩ ጠፋ። ነጯ መኪና ያለ ድምፅ፣ በጎማዋ ሹክሹክታ ብቻ፣ ከፊታችን ሸሸችና ከመታጠፊያው ኋላ ተሰወረች። እናቴ ያንን ከባድ ዕቃ ተሸክማ ትሮጥ ጀመር። እኔም ሮጥኩ። መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው። ሁለት መታጠፊያ እንዳለፍን አገኘናት፤ ጋሽ ይማም ገደሉን ትተው ወደ ተራራው ጎን ጠምዝዘዋት ቦዩ ውስጥ አፍንጫዋን ተክላ ነበር። ኃላፊው ክንዱን ታቅፎ ያቃስታል። ጋሽ ይማም ግንባራቸው እየደማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ጋሽ ይማም ታሰሩ፤ በሳምንቱ እኔንና እናቴን ለምስክርነት ፖሊስ ጣቢያ ጠሩን። ኃላፊው "ያለ ትእዛዝ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሆን ብሎ ሊገድለኝ ነው" ብሎ ነበር። ጠያቂው እናቴን ጠየቃት። ወርደን ነበር፣ ምንም አልሰማንም አለች። ወደኔ ዞረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ፈገግም ብሎልኛል። "አንቺስ የኔ ልጅ፣ ሞተሩን አጥፋ ሲባል ሰምተሻል?" እናቴ እጄን አጥብቃ ጨበጠችው። አልሰማሁም አልኩ።

ክረምቱ መጥቶ አለፈ። መስከረም ላይ ጋሽ ይማም ተፈቱ፤ ከመንጃ ፈቃዳቸውና ከሥራቸው ተለይተው፣ ይበልጥ ከስተው። በማግስቱ ከሰዓት በኛ በር ገቡ። እናቴ ጫማቸው ላይ ልትወድቅ አጎነበሰች፤ በሁለት እጃቸው ያዟት።

"ጋሽ ይማም፣ አፉ ይበሉኝ" አለች።

"አፉ ብያለሁ፣ እታለም። ያን ቀን ባላወርዳችሁ ኖሮ እኔን ማን አፉ ይለኝ ነበር?"

ከዚያ ወደኔ አዩ። "ልጂቱስ ደህና ናት?" ብቻ አሉ። ደህና ነኝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ሰኞ ገበያ ገመድና ጆንያ እየሸጡ ኖሩ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዛሬ አፉ ይበሉኝ እላቸዋለሁ እል ነበር። ሰላም ብዬ አልፋለሁ።

ካረፉ ቆይተዋል። እናቴን አፉ ያሏት ስለጠየቀቻቸው ነው፤ እኔ አልጠየቅኳቸውም። ከሳቸው የቀረኝ ይህ ያላረፈ ነገር ነው፤ አንድ የተጠየቅኩት ጥያቄና አንድ ያልመለስኩት መልስ። ጠያቂው የት እንደገባ አላውቅም፣ መዝገቡም የት እንደተጣለ። መልሴ ግን ይኸው፦ ሰምቻለሁ። "አጥፋው" ያለው ኃላፊው ነው።