ሽማግሌው የተቀመጡበት የመኪና ወንበር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ይኸው ዓመት ሞልቶት እንኳ ሰው ቤት ሄጄ ሶፋ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሳላውቀው ቆዳውን በእጄ እዳብሳለሁ። ባለቤቶቹ ሶፋቸው አምሮኝ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን የማስበው ልጄን እንዴት እንደዳርኳት ነው።

ባለቤቴ ግርማ ይባላል። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ይሠራል። ክራቫት ሳያስር ከቤት አይወጣም፤ ጮክ ብሎም አይናገርም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ሱስ ይኖረዋል ትሉ ይሆናል። መጠጥ አይቀምስም፣ ኳስ አያይም። የሱ ሱስ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች የስፖርት መኪና ናት።

መኪናዋን ያወረሰው ሳያገባ የሞተ አጎቱ ነው። ለምን እንዳላገባ መኪናዋን ያየ ሰው ይገባዋል። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ በቃ። ከትልቋ ልጃችን ከምሕረት በዕድሜ ትበልጣለች። በዘመኗ ነፋስ ነበረች አሉ። እኛ የምንኖርበት የጉለሌ ሰፈር ግን ዳገትና ኮብልስቶን ስለሆነ፣ ሆዷ መሬቱን እየፋቀ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ሽቅብ የምትመለሰው የሰፈር ጎረምሳ ሲገፋት ነው። እኛ ደግሞ አራት ነን፤ እሱ፣ እኔ፣ ምሕረትና ታናሿ ማርታ። አንድም ቀን አብረን ተሳፍረንባት አናውቅም።

ግርማ ሞተሩን አይነካም። «ሞተር የመካኒክ ነው፤ የመኪና ነፍሷ ውስጧ ነው» ይላል። ውስጧን ግን ለታፒሴሪ ቤት አይሰጥም፤ እቤት ራሱ ነው የሚያለብሳት። መጀመሪያ የነብር ቆዳ የሚመስል ፀጉራም ጨርቅ አለበሳት። ሥራው ባለቀ ሳምንት «አይመጥናትም» ብሎ ገሸለጠው። ቀጥሎ ሰማያዊ ከፋይ መጣ። እሱም ሲያልቅ «የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ መሰለ» ተባለና ወረደ። እኔ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ነው የምሸጠው። ጥለት ስትሰፋ የኖረች የስፌት መኪናዬ የመኪና ወለል ምንጣፍ፣ ሞኬት ስፊ ተብላ ስንት መርፌ እንደሰበረች እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ያልቻልኩት ነገሩ ልጄ ላይ ሲደርስ ነው።

ምሕረት ዮናስ ከሚባል ልጅ ጋር ይዋደዳሉ። ዮናስ መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ሽማግሌ ላከ። ግርማ መለሳቸው። እንደገና ላከ። እንደገና መለሳቸው። ምክንያቱን ስጠይቀው ያው አንድ መልስ ነው ያለው።

«ልጁ ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም።»

«ቤተሰቡስ?»

«ጨዋ ናቸው።»

«ታዲያ?»

«መጀመሪያ መኪናዋ ተሠርታ ትለቅ። ልጄን በኪራይ መኪና አልሸኝም። ራሴ ነኝ የምነዳት።»

«ሁለት ወንበር ናት ያለችህ። ሙሽራው የት ሊቀመጥ ነው?»

«በታክሲ ይከተለን።»

ሽማግሌን አንድ ጊዜ መመለስ ወግ ነው፤ ልጅቷ ቀላል እንዳትመስል። ሁለተኛውም ይሁን፣ ኩራት ይባላል። ሦስተኛው ግን ስድብ ነው። የዮናስ እናት በሰው «ይሄ የመጨረሻችን ነው» ብለው ልከውብኛል። ምሕረት እህል አስጠልቷት፣ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ መኝታ ቤቷ ትገባ ነበር። አባቷ በሩን አልፎ ግቢ ይወጣና የብሎን መፍቻውን ያነሳል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል ደግሞ፣ መካሪ ሆኖ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጡ ለእሑድ ተቀጠረ። በዚያው ሳምንት እኅቴ ታማ ደብረ ብርሃን ሄጄ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ተመልሼ የሳሎኑን በር ስከፍት፣ ሶፋዬ ራቁቱን ቆሟል። እንጨትና ስፖንጅ ብቻ። ዕቁብ ደርሶኝ የገዛሁት፣ እንግዳ ሲመጣ ካልሆነ ልጆቼን እንኳ የማላስቀምጥበት ቀይ የቆዳ ሶፋ! ከጎኑ ሁለቱ የመኪና ወንበሮች ሳንቃ ላይ ጉብ ብለዋል። የለበሱት ሶፋዬን ነው።

ግርማ እንኳን ደህና መጣሽ አላለኝም። «ቀለሙ ከዳሽቦርዷ ጋር እንዴት እንደሄደ አየሽ?» አለኝ።

ዳሽቦርዷ ደግሞ የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮቼ ላይ ተጋድማለች። አራቱንም ደርድሮ፣ የሶፋዬን ትራፊ በማስቲሽ ለጥፎባት እያደረቃት ነው። «እስከ ሰኞ እንዳትነኪው፤ ይጨማደዳል» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ወንበር ከጎረቤት ልለምን? ወንበር ከለመንኩ ለምን ይባላል። ሽማግሌ ሊመጣ ነው ይባላል። ነገ ተመልሰው ቢሄዱ የልጄ ስም የሰፈር ወሬ ይሆናል። ያጽናናኝ ወጋችን ብቻ ነበር። እንደ ወጋችን ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል እንጂ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ጥያቄው ቀርቦ የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» ካለ ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት። ካልተቀመጡ የሶፋዬ ገመና ተሸፍኖልኝ ይቀራል፤ ከተቀመጡ ልጄ ትዳራለች። ምን ብዬ እንደምጸልይ ግራ ገባኝ። የሶፋውን አጽም ጓዳ ከተትኩና ሁለቱ የመኪና ወንበሮች ላይ ጋቢ ጣል አደረግሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ መምሬ ናቸው፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ከነሙሉ ልብሳቸው የተመለሱ ጡረተኛ ርዕሰ መምህር። ሦስተኛው አዲስ ናቸው። ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ የዮናስ አጎት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ጉልበታቸውን አሟቸው ከዘራ የያዙ ሰው።

እኔና ምሕረት ከመጋረጃው ጀርባ ቆመናል። እጄን ይዛኛለች። መምሬ በወጉ ጀመሩ። «አቶ ግርማ፣ የመጣነው ልጅዎን ምሕረትን ለልጃችን ለዮናስ እንዲሰጡን ለመለመን ነው። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ግርማ ክራቫቱን አሳምሮ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲያሰናብት እንደዚያ ነው የሚቆመው መሰለኝ።

«አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ጊዜ ስጡንና...» ብሎ ሲጀምር ምሕረት እጄን ለቀቀች።

ጋሽ ወርቁ ግን የሚሰሙም አይመስሉም። ዓይናቸው ጋቢው ላይ ነው። በከዘራቸው ጫፍ ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩ።

«ይቅርታ አቶ ግርማ፣ ይሄ የመኪና ወንበር አይደል እንዴ?»

ግርማ ንግግሩ አፉ ላይ ቀረ። «ነው።»

«የስፖርት መኪና?»

«አዎ።»

«ታፒሴሪው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? በእጅዎ?»

«በእጄ!»

«ወይ ግሩም!» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ስንት ዓመት መኪና ላይ ስኖር እንዲህ ያለ ስፌት አላየሁም።»

የግርማ ፊት በራ። እንዲህ ያለ ፊት በትዳራችን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ምሕረት የተወለደች ቀን። ጋቢውን ገፎ ጣለና ማስረዳት ያዘ። ስፖንጁ ወገብ እንዲይዝ እንዴት ድርብ እንዳደረገው፣ ክሩ እንዴት ውሃ እንደማያስገባ፣ ጎኑን ለምን ከፍ እንዳደረገው። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ይሰማሉ። ርዕሰ መምህሩ አፋቸውን ከፍተዋል።

«እኔማ ወገቤን የጨረሰው የአውቶቡስ ወንበር ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ጀርባቸውን እየያዙ። «እንዲህ ያለውን ሳልቀመጥበት መሞቴ ነው።»

«ለምን ሲባል? ይቀመጡ! ይቀመጡ እንጂ! እናንተም ተቀመጡ፣ እየተፈራረቃችሁ ሞክሩት!» አለ ግርማ፣ ክንዳቸውን ይዞ።

ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደገፉ፣ አማተቡና ተቀመጡ። ወንበሩ መሬት ለመሬት ስለሆነ ሰምጠው ሰምጠው ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ። እዚያው ሆነው መምሬን ቀና ብለው አዩአቸው።

«አባ፣ ተቀመጡ ተባልን።»

«ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ መምሬ። ርዕሰ መምህሩ በሙሉ ልብሳቸው ሮጥ ብለው ሁለተኛው ወንበር ውስጥ ገቡ።

ግርማ ያኔ ነቃ። «ኧረ... እ... ማለቴ... እኔ እኮ ወንበሩን ነው ያልኩት...»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ አቶ ግርማ» አሉ መምሬ።

ግርማን አውቀዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ካገኘ ቃሉን በትሕትና አለስልሶ አለስልሶ ይመልሰዋል፤ ሥራው ነው። ጊዜ አልሰጠሁትም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና እልልታዬን አቀለጥኩት። እንጦጦ ማርያም ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ማርታ ከጓዳ ተቀበለችኝ። ምሕረት እዚያው ቆማ አለቀሰች። ከዚያማ ጎረቤት እልልታ ሰምቶ ዝም ይላል? የግቢው በር ተንኳኳ፤ ገሚሱ ወንበሩን ተሸክሞ ነው የመጣው። ትናንት አንድ ያጣሁት ወንበር ማስቀመጫ ጠፋለት።

ጋሽ ወርቁን ለማስነሳት ሰዎች ተረባረቡ። እሳቸው ግን «አባት ያስቀመጠኝን ማን ያስነሳኛል!» እያሉ እምቢ አሉ። በኋላ ምሕረትን ስለ መኪናዋ አስቀድማ ነግራቸው እንደሆነ ብጠይቃት ሳቀችብኝ።

በዚህ ሁሉ ግርግር ግርማ ጠፋ። ፈልጌ ያገኘሁት ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ነው። ወንበር ስለሌላት ባልዲ ደፍቶ ተቀምጧል፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። የሶፋዬን ነገር ላነሳበት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

«ደስ አላለህም?» አልኩት።

«ልጁ ጥሩ ልጅ ነው።»

«ታዲያ?»

«ገና ጣሪያዋ ይቀራል» አለኝ፣ ጣሪያዋን በእጁ እየዳበሰ።

ነብሩም ከፋዩም ባለቁ ማግስት ለምን እንደተገሸለጡ ያኔ ገባኝ። መኪናዋ ካለቀች ምሕረት ትሄዳለች። ሰው ልጁን እቤት ለማቆየት የሚስቱን ሶፋ ይገፍፋል? ይገፍፋል። አዘንኩለት። በሩን ከፍቼ ከጎኑ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። መኪናዋ ከነጣሪያዋ አለቀች። ጠዋት ግርማ አጥቦ፣ አበባ አሥሮ፣ በሹፌሩ በር በኩል ቆመ። ምሕረት ቬሎዋን ሰብስባ ገባች። ዮናስ ከሚዜዎቹ ጋር በተከራዩት መኪና ሊከተል ዞር አለ። ያን ጊዜ ግርማ ባዶውን ወንበር አየው። ለራሱ ወገብ ለክቶ የሰፋው ወንበር ነው። ብዙ አየው። ከዚያ ዮናስን ጠራና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«ሁለተኛ ማርሽ ትይዛለች። ቀስ በል» አለው። ምርቃቱ ይህ ብቻ ነበር።

ጎረምሶቹ ገፏት፤ ቁልቁል ወረደች። ሶፋዬ ልጄን ይዞ ሄደ። እኔና ግርማ በር ላይ ቆመን እንደ ሕፃን አለቀስን።

ሶፋዬን በሰማያዊው ከፋይ አልብሶልኛል። ዛሬ ሳሎኔ የገባ ሰው ጫማውን ሊያወልቅ ይቃጣዋል። ምሕረት በየእሑዱ ትመጣለች፤ ደስተኛ ናት። ሳስበው እስቃለሁ፣ ትንሽ ደግሞ ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ሳምንት ግርማ ሸራውን ገለጠ። ቀዩ ሰልችቶታል፤ ሊያወርደው ነው። ማርታ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። አብረን እናጠናለን የሚል አንድ ልጅ እስከ ግቢው በር ሲሸኛት እሱም አይቷል፣ እኔም አይቻለሁ። ከመኪናዋ ውስጥ «የብሎን መፍቻውን ማን ወሰደው?» ብሎ ተጣራ።

የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ጤፍ ዕቃ ውስጥ ነበር። አውጥቼ፣ በቀሚሴ ጠራርጌ፣ ራሴ ወስጄ አቀበልኩት።