ገመድ የሌለው ኬላ

ከአሰላ የተነሣሁት ገብሱ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ነው። አዝመራውን ሜዳ ላይ ጥሎ መንገድ የሚወጣ ገበሬ የለም፤ እኔ ግን ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ምጽዋ ላይ ታስሮብኝ ነበር። ደምሴ አሰላ መውጫ ባለው ኬላ ለብዙ ዘመን በዘበኝነት ሠርቶ ወደ ባሕር ጉምሩክ የተዛወረ ነው። ኮንትሮባንድ የጫነች የሸራ ጀልባ በጉቦ ለቅቋል ተብሎ ተከሰሰ። እናታችን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በቆርቆሮ ጠቅጥቃ ስትሰጠኝ፣ «ይዘኸው ና» አለችኝ።

እስከ ናዝሬት

የሁሩታው ሾፌር አህመድ በጭነት መኪናው ጋቢና አስቀመጠኝ። የጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደለበሰ ከኋላችን ቀረ፤ ዴራ ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ። የምሄድበትን ነገር ብነግረው አህመድ ግራ ገባው።

«ባሕር ላይ ደግሞ ምን ኬላ አለ?» አለኝ። «ወላሂ፣ ገመዱን የት ያስሩታል?»

ሳቅሁ።

ምጽዋ

ደሴንና መቀሌን በአውቶቡስ አልፌ ከአሥመራ በባቡር ቁልቁል ወረድሁ። ስለ መንገዱ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ልቤ ግን አልነበረበትም። ምጽዋ ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ ያልበዋል፤ የሚጠጣ ውሃም በገንዘብ ይሸጣል። እስር ቤት ገብቼ ሳገኘው ደምሴ ከስቷል። ጭኮውን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ አንዲት ሳንቲም አልበላሁም» አለኝ። «ጀልባዋ የጉምሩኩን የሞተር ጀልባችንን ስታይ ወደ መጣችበት ዞረች። ኬላ ሳይደርስ የተመለሰ አይፈተሽም ብዬ ተውኋት።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ኬላ ማለት መንገድ ላይ የተወጠረ ገመድ ነው። ነጋዴው ገመዱ ጋ ሳይደርስ አህያውን ከመለሰ ዘበኛው አይነካውም። ወንድሜ ይህን ደንብ ይዞ ነው ባሕር የገባው።

ችሎት

ደምሴ ምስክር ቆጥሮኝ ደጅ ስጠብቅ አንድ አረጋዊ የጉምሩክ ሹም አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ አሰላው ገመድ ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ ገመድ የለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ከዳርቻው ጀምሮ ሕግ እስከ ወሰነው ርቀት ድረስ ውሃው ሁሉ ኬላ ነው። እዚያ ውስጥ የተገኘ ጀልባ ቢዞርም ቢሸሽም እናስቆመዋለን፤ እንፈትሸዋለን። ማሳደዱ ካልተቋረጠ ከወሰኑ ውጭም እንከተለዋለን።»

ደንቡ በአገራችን የለም ብል ወንድሜን ጉቦኛ አደርገዋለሁ፤ አለ ብል ደግሞ ጀልባዋን እያየ መልቀቁን አረጋግጥበታለሁ። ዳኛው ጠየቁኝ፦

«ተከሳሹ የሚለው ልማድ እውነት በአገራችሁ አለ?»

«አለ፣ ጌታዬ። የአሰላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

የጉቦው ክስ ተሰረዘ። ማስቆም ሲገባው ባለማስቆሙ ግን አንድ ዓመት ተፈረደበት። ደምሴ ለዳኛው እጅ ነሥቶ ወጣ። እኔ ተናደድሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ። ሹሙ ትከሻዬን ይዘው፣ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ መጀመሪያ አስተምረን ብናሰማራው ደግ ነበር» አሉኝ። ይህችን ቃል ችሎት ፊት ተናግረዋት ቢሆን እንዴት በወደድሁ።

አሰላ

ስመለስ ገብሴን ጎረቤቶቼ አጭደው ከምረውልኛል። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት፣ ሕግም እንደ አየር ከአገር አገር የሚለይ መሆኑን ነው፤ ሰውን ወደማያውቀው አገር የሚልክ ደግሞ ደንቡን አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ለእናቴም ይህንኑ ላስረዳት መንገድ ላይ ቃሉን ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ሌባ አይደለም ተብሏል» አልኋት።

«እሱንማ እኔ መች አጣሁት» አለች፣ ከኋላዬ ያለውን መንገድ እያየች። «ልጄስ?»