የሞተሩ ሳል

ሙሽራውን ታናሽ ወንድሜን ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከሙሽሪት ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ በዕድሜ በምትበልጠኝ መኪናዬ። ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ለአክስታችን ለእትዬ ደብሬ እንደ መምህር አስረዳኋቸው።

«ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ይህ አየር የሚስብበት ቧንቧ አፍንጫው ነው። ዛሬ ትንሽ ያስለዋል እንጂ ደኅና ነው።»

ሙሽራውን፣ እትዬ ደብሬንና ሚዜዎቹን ጭኜ፣ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ማንኩሳ ስንደርስ መኪናዋ ትንፋሽ አጥሯት ቀጥ አለች። አማቾቹ ድንኳን ጥለው ይጠብቃሉ፤ ሙሽራው ላብ አጠመቀው።

«መምህር፣ በበቅሎ ይሻለን ነበር!» አሉ ሚዜዎቹ።

ኮፈኑን ብከፍት፣ አፍንጫው ውስጥ የእትዬ ደብሬ የአንገት ልብስ ተወትፏል።

«ያስለዋል አላልከኝም? ንፋስ እንዳይመታው ብዬ ነዋ!»

መዝዤ ባስነሳት ወዲያው ተነሳች። ሚዜዎቹም ዘፈናቸውን ቀጠሉ። እትዬ ደብሬ በኩራት ወደ ሙሽራው ዞሩ፤

«አየኸው? ሲሞቀው ዳነ!»