የሩፋኤልን ዝናብ ፍለጋ ወደ መርሳ

ጳጉሜን ሁለት፣ ጠዋት

ከወልድያ የተነሳነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ ብርቄ እና የስምንት ዓመቷ ልጃችን ሃና። ለጎረቤት የነገርኩት "የመርሳው ወዳጄ ሰይድ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶበታል፣ ልሠራለት ነው" ብዬ ነው። ሞተር ጠጋኝ ስለሆንኩ ማንም አልተጠራጠረኝም። ፓምፑስ እውነትም ተበላሽቷል፤ የሄድኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ልጄ ደግሞ ክረምቱን ያሳለፈችው አልጋ ሥር ነው። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እዚያ ትገባለች። ትምህርት ቤት ሳይከፈት አንድ ቀን እንኳ ተኩስ በማይሰማበት ቦታ ዝናብ ውስጥ ስትቦርቅ ልያት ብዬ ተነሳሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። አምና ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ፣ ከባድ መሣሪያ በተተኮሰ ቁጥር "አይዞሽ፣ ነጎድጓድ ነው" እላት ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ! ብልህ አባት የሆንኩ መስሎኝ። አንድ ቀን የጎረቤታችን ግድግዳ ፈርሶ አየች፤ ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ሁሉ ለእሷ ከባድ መሣሪያ ሆነ። ዘንድሮም ነሐሴ ላይ በቆቦ በኩል ውጊያው እንደገና ሲነሳ ምን ብዬ ላሳምናት?

መናኸሪያው ውስጥ ግማሹ ሰው ፍራሹን ጭኖ ይሄዳል፣ ግማሹ ፍራሹን ጭኖ ይመለሳል። ሚኒባሳችን ሞልታ ተነሳች። ኬላው ላይ አንድ ወታደር መታወቂያችንን ተቀብሎ "ወዴት ናችሁ?" አለ። እኔ ስለ ፓምፑ ልጀምር ስል ብርቄ ቀደመችኝ።

"ነገ ሩፋኤል አይደል? ልጃችንን ዝናብ ልናስመታ ነው።"

ወታደሩ ሃናን አየና ሳቀ። "እኔንም ድሮ እናቴ ታስመታኝ ነበር" ብሎ መታወቂያችንን መለሰልን። ቁመቱ በሩን ይሞላ ነበርና ብርቄ "እንዲህ ያሳድጋል ማለት ነው!" ብላ ሚኒባሱን በሙሉ አሳቀችው።

መንገዱ ወደ ሲሪንቃ ሲወርድ አገሩ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ማሽላው ሰው ይሸፍናል፣ ጤፉ ለጥ ብሎ አረንጓዴ ነው። ከመንገዱ ዳር ከአምና የቀረ የተቃጠለ መኪና ቆሟል፤ የቅል ሐረግ ወጥቶበት ጣሪያው ላይ አብቧል። እያየሁት ጦርነት ያለበት አገር መሆኑን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ከሰዓት፣ መርሳ

መርሳ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። የተጠበሰ በቆሎ አንዱን በአሥር ብር ገዝተን እየጋጥን፣ የመስኖውን ቦይ ይዘን ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ሰይድ ሰፈር ሄድን። ሰይድ ገበሬ ነው፤ ፓፓያና ሽንኩርት ያለማል። አምና ሰው ከወልድያ ሲሸሽ እሱ ቤት ስንት ቤተሰብ እንደተጠለለ ቢጠየቅ "እንግዳ አይቆጠርም" ነው የሚለው።

ገና ሳንቀመጥ ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ ዶሮ አሳረደልን። ድስቱም ሳይቀር ለእኛ የተለየ ነው፤ ለክርስቲያን እንግዳ ተብሎ ከቆጡ ላይ የሚቀመጥ። "ኧረ ሰይድ፣ ሽሮ ይበቃን ነበር" ስለው "አብሽር፣ ድስቱም እንግዳ ይናፍቀዋል" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይወደድም?

ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል

ጠዋቱን ፓምፑን ፈታሁ። ማጣሪያው በጭቃ ተደፍኖ ኖሮ፣ ሳጥበው ቶሎ ሠራ። እኩለ ቀን ላይ ከተራራው በኩል ደመናው ጠቆረ። የሰፈሩ ልጆች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ልብሳቸውን እየጣሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ ሰማዩ ጮኸ።

ሃና አልጋ ሥር ነች።

በደረቴ ተኝቼ "ሃንዬ፣ ነጎድጓድ ነው" አልኳት።

"አምናም እንደዚያ ነው ያልከኝ።"

አንድ ዓመት ሙሉ ስሸሸው የከረምኩትን ነገር እዚያው አፈር ላይ ተኝቼ ተናገርኩ። "አምና ዋሽቼሻለሁ። ከባድ መሣሪያ ነበር። ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ። ይሄ ግን ነጎድጓድ ነው።"

"ታዲያ በምን አውቃለሁ?"

የመለሱላት የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ ናቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ከአጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እኔም እንዳንቺው ነኝ ልጄ፣ ከአምና ወዲህ ሰማዩ ሲጮህ ልቤ ይወልቃል። ግን አዳምጬ አዳምጬ አወቅሁት። የአላህ ነጎድጓድ ከጮኸ በኋላ እያጉረመረመ ይሄዳል። የሰው ግን ድም! ብሎ ዝም ነው። በይ አብረን እንስማ።"

ሰማዩ ደገመ። እማማ ዘሀራ ጣታቸውን አነሱ። ድምፁ ከተራራ ተራራ እያለ ራቀ።

"አጉረመረመ?"

"አጉረመረመ" አለች ሃና፣ ከአልጋው ሥር።

ሦስቴ እንዲህ አዳመጡ። በአራተኛው እማማ ዘሀራ እጃቸውን ወደ አልጋው ሥር ዘረጉ። "በይ እንግዲህ ይዘሽኝ ውጪ። እኔ ብቻዬን እፈራለሁ።"

ትንሿ እጅ ወጣች። እሳቸው ያስመስሉ እንደሆነ፣ ወይም የእውነት ይፈሩ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ልጄ ግን እየጎተተች አወጣቻቸው። ዝናቡ ዶፍ ነበር። ልጆቹ "ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!" እያሉ ይዘላሉ። እማማ ዘሀራም መሐላቸው ገብተው ሻሻቸው ፊታቸው ላይ ተለጥፎ "ያ ረቢ፣ እኔንም አሳድገኝ!" ሲሉ ሰይድ በሳቅ ፈረሰ።

"እማ፣ ከዚህ ወዲያ ወዴት ልታድጊ ነው?"

"ዝም በል! ፀሎት አታቋርጥ!"

ብርቄም ከነቀሚሷ ገባች። እኔም ገባሁ። ሃና ጭቃ አንስታ ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝና ከት ብላ ሳቀች። ያንን ሳቅ ካጣሁት ዓመት ሊሞላው ነበር። ቆሜ አለቀስኩ፤ ምንም አላፈርኩም።

ጳጉሜን አራት፣ ወልድያ

እማማ ዘሀራ ዱዓ አድርገው፣ ሰይድ ሁለት ፓፓያ አሸክሞን ሸኙን። ከቀትር በኋላ ቤታችን ገባን። ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ሃናና እኔ የረጠበውን ልብስ ግቢው ውስጥ ማስጣት ጀመርን።

በቆቦ በኩል ድምፅ መጣ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ሃና ቀሚሷን እንደያዘች ዞረች። "አባዬ፣ ምንድን ነው?"

የድሮው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

"ከባድ መሣሪያ ነው" አልኳት። "ሩቅ ነው። ከቀረበ ደግሞ እነግርሻለሁ።"

"አውቄያለሁ፤ አላጉረመረመም" አለችና ቀሚሷን ገመዱ ላይ አሰጣች። "ትነግረኝ እንደሆነ ብዬ ነው የጠየቅሁህ።"